ከቀዩ እንሰት ሥር

ሳቢሃ በጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ያላት ሱቅ ከአንድ አልጋ አይሰፋም፤ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉና ቁንዶ በርበሬው ግን እስከ መንገዱ ድረስ ይሸታል። ሚዛን አታጎድልም፣ ለድሃ ትጨምራለች፣ ሶላት አታሳልፍም። ሰፈሩ የሚያማት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቷን ልጅ አታነጋግርም። እሷ በቾ ቦሬ፣ ታላቅ ወንድሟ ፋሂም ቦሳ ኪቶ፣ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ አንድ ገበያ እየወጡ፣ ከሩቅ ካየችው መንገድ ትሻገራለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ፣ እሷ በሌለችበት። ይህ ከሆነ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ሩፈይዳ ወደ ሱቁ የገባችው ከዓስር ሶላት በኋላ ነው። የፋሂም ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ዓይኗ ቁርጥ የአባቷ። ሳቢሃ ይህችን ልጅ ስትወለድ አላቀፈቻትም፣ ኒካዋ ሲታሰርም አልሄደችም።

«አዳዳ» አለቻት ልጅቷ።

የአባት እህት በዚያ አገር እንዲህ ነው የምትጠራው። ሳቢሃን ግን እስከዚያች ቀን አዳዳ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ደስ አላት፤ በመደሰቷም ተናደደች።

«ምን ልስጥሽ?» አለቻት፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

«አባዬ ታሟል። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት አሉን።»

ሳቢሃ ኮረሪማ መልቀሟን አላቆመችም። «አላህ ያሽረው።»

«እንደማይሽር ያውቃል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እርስዎ አፉ ብያለሁ እንዲሉት።»

«እኔ ምን ቸገረኝ? የእናቴን መህር የት እንዳደረሰው ይናገርና አሁኑኑ አፉ እለዋለሁ።»

«አልወሰድኩም ነው የሚለው፣ አዳዳ። ዛሬም።»

«ካልወሰደ ይቅርታው ለምኑ ነው?»

ልጅቷ ቆማ የሻርፗን ጫፍ ስትጠቀልል ሳቢሃ አየቻት፤ ፋሂም በልጅነቱ ሲቆጡት የልብሱን ጫፍ እንዲህ ይጠቀልል እንደነበር ትዝ አላት፣ ፊቷንም ወደ ሚዛኑ አዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው አባቦራ፣ ከአጋሮ መንገድ በላይ ጎዳ ዲምቱ በምትባል መንደር የሚኖር ቡና ነጋዴ ነበር። እናታቸውን ዙቤይዳን ሲያገባ በመህር፣ ማለት በኒካው ጥሎሽ፣ የሰጣት ማርትሬዛ ብር የተደረደረበት ድሪ ነው፤ በየብሩ አናት ላይ አንጥረኛ ጆሮ የበየደበት፣ መሃሉ ላይ ክታብ የሚከተትበት የብር ሂርዝ የተንጠለጠለበት። መህር የሴቷ ነው፤ ባልም ልጅም አይነካውም። በደርግ ጊዜ ቡና ደብቀሃል ብለው ሊይዙት መሆኑን አባቦራ ሲሰማ፣ ድሪውን ማሰሮ ውስጥ ከቶ ማንም ሳያየው ቀበረው። ብዙም ሳይቆይ ጅማ ወስደው አሰሩት። ዙቤይዳ ስንቅ ለማመላለስ ብላ እዚያው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ዘመድ ቤት ከረመች። ፋሂም ያኔ አጋሮ፣ አናጺ ቤት ሥራ ይለማመዳል። ጓሮው፣ ከብቱ፣ ቤቱ ሁሉ የወደቀው ገና አሥራ ስምንት ዓመት በሆናት በሳቢሃ ላይ ነበር።

አባቦራ ከእስር አልወጣም። ሚስቱ ባየችው የመጨረሻ ቀን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «መህርሽ ከቀዩ እንሰት ሥር ነው፣ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ» አላት። ቀይ እንሰት ጓሮው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል ተብሎ የሚጠበቅ፣ የቅጠሉ አከርካሪ ደም የመሰለ፤ ማንም አይስተውም።

ዙቤይዳ ይህን ለልጆቿ የነገረቻቸው ከተዕዚያው፣ ከለቅሶው በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን መንደር ምሥረታ የሚሉት መጣ፤ ጎዳ ዲምቱ ፈርሳ ሰዉ ሁሉ ወደ መንገድ ዳር እንዲወርድ ታዘዘ። ፋሂም ለሐዘን መጥቶ ነበርና ዶማ ይዞ ብቻውን ወደ ጓሮ ገባ። ቆይቶ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ መጣና «የለም» አለ። ሳቢሃ ሄዳ አየች። ቀዩ እንሰት ተገንድሷል፤ ከሥሩ ሰው የሚያስቀብር ጉድጓድ፤ ጉድጓዱ ባዶ ነው። በማግስቱ ቤቱን አፍርሰው ወረዱ።

ነገሩ እዚያ ላይ በቆመ ነበር። ግን ፋሂም ዓመት ሳይሞላው ጅማ ውስጥ የራሱን በርጩማ መሥሪያ ከፈተ። «መጋዝና መሮውን የአጋሮው ጌታዬ ሠርተህ ትከፍላለህ ብሎ ሰጠኝ» ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው፤ ሳቢሃ ሽማግሌ ፊት «የእናቴን መህር ነው የምትጠርበው» አለችው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ነበረቻት፤ ስትተርታትም ትኮራባት ነበር። ዙቤይዳ እናት ናትና መጀመሪያ አላመነችም። ሳቢሃ ግን ጠዋትም ማታም አለቀቀቻትም፤ ማዕድ ሲቀርብ ስለ ጉድጓዱ፣ ልብስ ሲታጠብ ስለ ጉድጓዱ። በመጨረሻ ዙቤይዳ አመነች። ልጇን «ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ» አለችው፤ ስትሞትም ፋሂም ቃሬዛዬን እንዳይሸከም፣ መቃብሬ ውስጥም እንዳይገባ ብላ ተናዘዘች። የገዛ እናቱ ስትቀበር ፋሂም ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተወለዱለት ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ሩፈይዳ ተርፋ ገና ዳዴ ስትል እናቷ ሞተች። ፋሂም ይህን ሁሉ የእናቴ እርግማን ነው ይላል። ሳቢሃም እንደዚያው ትል ነበር፤ የእሷ ግን ድምፁ የማዘን ሳይሆን የመፍረድ ነበር።

«ማሎ አዳዳ» አለች ሩፈይዳ፣ ስትለምን ወደ ኦሮምኛው እያደላች። «ጎዳ ዲምቱ ላይ እስከ ዛሬ ማንም አልሰፈረም። ማሽን ያለው ሰው አግኝቻለሁ፤ መሬት ውስጥ ያለ ብርና ብረት የሚያሰማ። አብረውን ይውጡና ቦታውን ያሳዩን። ከሌለ ዳግመኛ ደጅዎ አልደርስም።»

«ካለስ?» ብላ አልጠየቀችም ሳቢሃ። ሐሳቡም አልመጣባትም። የመጣባት ሌላ ነው፤ የፋሂም ልጅ በገዛ ዓይኗ ባዶውን ጉድጓድ አይታ አንገቷን ደፍታ ስትወርድ ታያት። «እሺ» አለች፣ «እሑድ።»

ማሽኑ ያለው ሰው ጣሰው ይባላል። ጅማ መርካቶ ውስጥ ሞባይልና ሬዲዮ ይጠግናል፤ ልቡ ግን ያለው ሰው ጥሎ በሄደባቸው መንደሮች ላይ ነው። ዱባይ ያለች እህቱ ባመጣችለት ማሽን ስንት የፈረሰ ቀዬ እየዞረ ያገኘው የሰርዲን ክዳን፣ የጥይት ቀለህ፣ ሚስማርና ጥቂት የንጉሡ ጊዜ ሳንቲሞች ነው። ላም አለኝ በሰማይ ከሚባሉት ወገን ነው፤ በየሳምንቱ ደግሞ ላሟን ሊያልብ ይወጣል። ማሽኑን ሰው አይቶ ነገር እንዳያመጣበት በቡና ጆንያ ጠቅልሎ ነው የሚዞረው።

«ማዘር፣ የእናንተ ከተገኘ የእናንተ፣ ሌላ ከተገኘ የኔ፤ ፒስ ነው?» አላት ሚኒባሱ ውስጥ።

«የኛ አይገኝም» አለች ሳቢሃ። «ሌላውን እንዳሻህ አድርገው።»

ቡና ለቀማ የተጀመረበት ሰሞን ነበር። ከአጋሮ መንገድ ግራና ቀኝ ሰዉ ቀይ እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቶ ያገላብጣል፤ መኪናው ሁሉ ቆሞ ከረጢት ይጭናል። ሦስቱ ከመኪና ወርደው ዳገቱን ሲይዙ ፀሐይ ገና አልበረታችም ነበር። ሳቢሃ ከወረደች ወዲህ ይህን ዳገት ወጥታ አታውቅም። ጉልበቷ ያማታል፤ ግን ከሁሉም ፊት ፊት ሄደች። ሩፈይዳ እጇን ልትይዛት ስትል «ተይኝ፣ አልሞትኩም» አለቻት።

ጎዳ ዲምቱ ጫካ ሆናለች። አጥር የነበረው ሁሉ ዛፍ ሆኖ፣ ከሥሩ ቡና ራሱን በራሱ ዘርቶ፣ መንደር ነበረ ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም። ሳቢሃ የጎረቤት ወፍጮ ድንጋይ ለሁለት ተከፍሎ ሙጃ ውስጥ ስታይ አቅጣጫው ገባት። ከዚያ የገዛ ቤታቸውን ደፍ አገኘች፤ አባቷ ከወንዝ አስመጥቶ ያነጠፈው ጠፍጣፋ ድንጋይ እንዳለ ነው። ቆመችበት። ማልቀስ ፈለገች፣ ግን ለልቅሶ አልመጣችም።

«ጓሮው በዚህ ቁልቁል ነው» አለች። «ቀዩ እንሰት መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር፣ ግርጌ። ጉድጓዱንም አሳያችኋለሁ።»

አሳየቻቸው። የፋሂም ጉድጓድ በቅጠልና በአፈር ተሞልቶ ረግቷል፤ ግን ጎድጓዳነቱ አልጠፋም። ጣሰው ማሽኑን ከጆንያው አውጥቶ ገጣጠመ፣ ሳህን የመሰለውን ጫፉን ዝቅ አድርጎ መጥረግ ጀመረ። የጅማ አፈር ራሱ ብረት አለበትና ማሽኑ መጀመሪያ በሁሉም ቦታ አላዘነ። ጣሰው እየተራገመ ቁልፎቹን ነካካ፣ ደግሞ ጠረገ፣ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ እንደገና ጠረገ። አንድ የዛገ የዶማ ቁራጭ ወጣ። ሌላ ምንም የለም።

«ለኔ ስጠኝ» አለች ሳቢሃ።

ጣሰው የማሽኑን ማዳመጫ ከጆሮው አንሥቶ በሻርፗ ላይ ደፋላት። ማሽኑን ከጉድጓዱ ዳር እስከ ዳር ሲያዞረው ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ዝም ያለ ነገር ሰምታ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ልክ ነበርኩ አለች በልቧ፤ ለእናቴም የነገርኳት እውነቱን ነው፤ አልዋሸኋትም።

ማዳመጫውን አውልቃ ለሩፈይዳ ሰጠቻት። «ስሚው። አባትሽ ይኸው ነው።»

ሩፈይዳ አልተቀበለቻትም። ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብላ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ልጅቷ ምን አጠፋች አለች ሳቢሃ በልቧ። ላጽናናት ብላ እጇን እስከ ትከሻዋ ዘረጋች፣ ነገር ግን ሳትነካት መለሰችው። ይልቅ «እንውረድ፣ ፀሐይ ሳትበረታ» አለች።

«አንዴ ማዘር» አለ ጣሰው። «እዚህ ድረስ ወጥቼማ ባዶ እጄን አልገባም። ቤቱ ዙሪያ ልየው። ሰው ደጃፉ ላይ ነው ነገር የሚጥለው።»

«ቶሎ በል።»

እየጠረገ ወደ ላይ ወጣ። ከደፉ ድንጋይ አልፎ፣ የቤቱ ጎን ወደነበረው ሲዞር ማሽኑ ጮኸ። ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ አለፈበት፤ ደግሞ ጮኸ።

«ማዘር! ይቺ ሚስማር አይደለችም። ሚስማር ሲሆን ይንጫረራል፤ ይቺ ጥርት ብላ ነው የምታዜመው። ብር ናት፣ ሙች!»

«የጣሳ ክዳን ይሆናል» አለች ሳቢሃ፤ ካለችበትም አልተነቃነቀችም።

ጣሰው መቆፈር ጀመረ። ቀዩ አፈር በጎኑ ተከመረ፤ ክንዱ እስከ ብብቱ ሲገባ አካፋው ሸክላ ነካ። ከዚያ በእጁ ነው ያወጣው። መጀመሪያ የማሰሮ ስባሪ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ የተጣበቁ ጥቁር ጥቁር ክቦች። አንዱን በሱሪው ላይ ሲወለውለው የሴትዮዋ ምስል ወጣ፣ ከአናቷም በላይ የተበየደ ጆሮ። ክሩ በስብሶ አልቋል። ከብሮቹ መሃል የአውራ ጣት የምታክል፣ ሁለት ጫፏ የተደፈነ ሂርዝ አለች።

ሩፈይዳ ጮኸች። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያለች በዚያው በአፈሩ ላይ ግንባሯን ደፋች፣ ተነሥታም እያለቀሰች ሳቢሃን አቀፈቻት። «አልዋሸም፣ አዳዳ! አባዬ አልዋሸም! አያቴ ነው ቦታውን የተሳሳተው። እስር ቤት ሆኖ፣ ታሞ፣ ተምታቶበት ነው። ማንም ጥፋት የለበትም፤ ማንም!»

ሳቢሃ የምትሰማው አይመስልም ነበር። ከደፉ ድንጋይ እስከ ጣሰው ጉድጓድ ድረስ በዓይኗ ለካች። ደግማ ለካች። ይህ ቦታ ምን እንደነበረ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ረድፍ ነው።

እንሰት እንደ ቡና በተተከለበት የሚያረጅ ተክል አይደለም። ችግኝ ሳለ ከቤቱ ጥግ ተጠጋግቶ ይቆማል። ከፍ ሲል ይነቀልና ሰፋ ወዳለ ቦታ ይሄዳል። ሲጎለምስ እንደገና ተነቅሎ ጓሮው ግርጌ፣ ምንም ሳይጋፋው እንዲወፍር ይተከላል። የጎዳ ዲምቱ ልጅ ሁሉ ይህን እያየ ነው ያደገው። አባቦራ ማሰሮውን የቀበረው ቀዩ እንሰት ገና እዚህ፣ ከደጃፉ አጠገብ ሳለ ነው። ከዚያ እሱ ታሰረ። ዙቤይዳ ጅማ፣ ፋሂም አጋሮ። እንሰት የሚዛወርበት ወር ሲመጣ ሳቢሃ ቤታችን ሰው የሌለበት አይምሰል ብላ ብቻዋን ዶማ አነሳች። ቀዩን እንሰት ከነሥሩ ነቅላ፣ አቅፋ፣ እየወደቀች እየተነሣች ግርጌ አውርዳ የተከለችው እሷ ናት። ዶማዋ ከማሰሮው ምናልባት አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር።

እናቷ ከጅማ ስትመለስ ጓሮውን አይታ «የኔ ወንድ፣ አላህ ያሳድግሽ» ብላ መረቀቻት። ዙቤይዳ ባሏ እስር ቤት እየመነመነ የትኛው እንሰት ከየት እንደመጣ የምትጠይቅበት ልብ አልነበራትም። ሳቢሃ ግን ያን ምርቃት ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም። በምን እንደተመረቀች ከዚያ ባዶ ጉድጓድ ጋር አገናኝታው አለማወቋ ነው ጉዱ። ሌባው አስቀድሞ ስለተገኘ ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

«ማዘር፣ ምነው? አይደሰቱም እንዴ?» አለ ጣሰው፣ ላቡን እየጠረገ።

«ደክሞኝ ነው።»

ድሪውን በሩፈይዳ ሻርፕ ቋጥረው ወረዱ። በመንገዱ ሁሉ ልጅቷ ታወራለች። እንዴት እንደምትነግረው፣ መጀመሪያ ሂርዟን እጁ ላይ እንደምታስቀምጥ፣ ሽማግሌዎቹን ጠርታ እንደምታሳያቸው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ትላለች። በየመሃሉም «አያቴን አላህ ይማረው፣ ቢሳሳት ምን ይደረግ» ትላለች። ሳቢሃ በሚኒባሱ መስኮት የተሰጣውን ቡና ታያለች። እንሰቱን ማን እንዳዛወረው የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። አባቷ ሞቷል፣ እናቷ ሞታለች፣ ጎረቤቱ የት እንደገባ አይታወቅ። ዝም ብትል አባቦራ ተሳሳተ ተብሎ ነገሩ ያልቃል፤ የሞተ ሰው ደግሞ አይከፋውም። ይህን እያሰበች ነው ጅማ የገባችው፤ በማሰቧም ራሷን ጠላች።

«አብረን እንሂድ፣ አዳዳ» አለች ሩፈይዳ። ሳቢሃም ሄደች።

ፋሂም ቦሳ ኪቶ ባለች ቤቱ፣ ግማሽ ተጠርቦ የቀረ በርጩማ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ሳቢሃ ከመንገድ ማዶ ስትሸሸው የኖረችው ሰው ትከሻ ሰፊ ነበር። እዚህ የተኛው የአንድ ሕፃን ያህል ነው ብርድ ልብሱን ከፍ ያደረገው። በሩ ላይ ስትቆም አያት።

«ሳቢሃ ናት?»

«እሷ ናት» አለች ሩፈይዳ። አጠገቡ ተንበርክካ ሻርፑን ፈታች፣ እንዳለችውም አስቀድማ ሂርዟን መዳፉ ላይ አደረገች። ፋሂም አላያትም፤ በጣቱ ዳሰሳት። ዓመታት እንጨት ሲዳስስ የኖረ ጣት ነው፣ ቶሎ አወቃት። «የእማዬ» አለ።

ልጅቷ ሁሉንም ነገረችው፤ ማሽኑን፣ ደፉን ድንጋይ፣ ማሰሮውን። «አያቴ ነው የተሳሳተው፣ አባዬ። ከግርጌ ሳይሆን ከላይ ነው የነበረው።»

«አባባ ተሳሳተ» አለ ፋሂም ቀስ ብሎ። «አይ አባባ። አላህ ይማረው።»

ሳቢሃ ዝም ማለት ትችል ነበር። የቀረው ዝም ማለት ብቻ ነበር። «አባባ አልተሳሳተም» አለች። ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «እኔ ነኝ። ቀዩን እንሰት ያዛወርኩት እኔ ነኝ። እናንተ ሳትኖሩ፣ ብቻዬን፣ ከላይ ነቅዬ ግርጌ ተከልኩት። አባባ ያወቀው የላዩን ነው። አንተ የቆፈርከው የኔን ነው።»

ሩፈይዳ ቀና ብላ አየቻት። ያ አዳዳ ሲላት የነበረ ፊት ቀስ በቀስ ሲዘጋ ሳቢሃ ታየዋለች፤ ለዚህም ልጅቷን አልወቀሰቻትም። ፋሂም ግን ጣሪያውን ያያል።

«ብቻሽን?» አለ። «ቀዩን? ይከብድ ነበር እኮ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ከፍራሹ አጠገብ ወድቃ እግሩን ያዘች። «አፉ በለኝ፣ ፋሂሜ። ወላሂ አላወቅኩም። አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለ ወዲያው፤ ሰላምታ እንደሚመልስ ሰው። «እኔ ድሮ ነው አፉ ያልኩሽ። ልጅ ነበርሽ።»

ሳቢሃ ሸክሟ እስኪቀላት ጠበቀች። አልቀለላትም። ፋሂም ሂርዟን በመዳፉ ጨብጦ አሁንም ጣሪያውን ነው የሚያየው፤ ከፊቱ ላይ ፍርሃቱ አልሄደም። ሩፈይዳም አየችው። «አባዬ፣ ምን ሆንክ? አለቀ እኮ። ሰው ሁሉ ያውቃል አሁን።»

«እማዬስ?» አለ።

«እማዬ ምን?»

«ለእሷ ማን ይነግርልኛል? እዚያ ስደርስ ፊቷን ታዞርብኛለች።»

«አላህ ያውቃል፣ አባዬ። አላህ ይነግራታል።»

«ኢንሻ አላህ» አለ ፋሂም። ይበል እንጂ ዓይኑ ወደ እህቱ ዞረ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ መስሏት የነበረው ሰው እናቱ ስትቀበር ከአጥር ውጭ የቆመው ጎረምሳ ሆነባት። ክፋት አልነበረበትም፤ ሲናገር ምክር የሚጠይቃት ያህል ነው። «አንቺ ብትቀድሚኝ ጥሩ ነበር» አላት። «አንቺን ታምንሻለች።»

ሳቢሃ እግሩን እንደያዘች እስኪያሸልብ ቆየች፣ ከዚያ ሩፈይዳ ምንም ሳትላት በሩን ከፈተችላት።

መግሪብን ቤቷ ሰገደች። ሱጁድ ላይ ግንባሯን ከመሬት ሳታነሣ ቆየች። ለራስ ሞት መለመን እንደማይፈቀድ ታውቃለች፤ ሰው ሲለምን ሰምታ የገሠጸች ሴት ናት። ያን ቀን ግን ለመነች። ዛሬውኑ ውሰደኝ፣ ያ ረቢ፣ ከእሱ በፊት ውሰደኝ፤ ቀድሜ ደርሼ እኔ ነኝ ልበላት አለች።

ፋሂም በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተ። ሳቢሃን ግን ራስ ምታት እንኳ አልነካትም።